ብረት በማይጠፋበት ማዕድ ደም ለምን ያንሳል?

ከደሴ ተነስቶ አቀስታን አልፎ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ ቦረና ወረዳ ገብቶ መካነ ሰላም እስኪደርስ ድረስ በግራም በቀኝም የሚታየው እህል አብቃይ አገር ነው፤ ከፍ ባለው ደጋ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ መሬቱ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ሲያዘቀዝቅ ደግሞ ማሽላ ቦታውን ይይዛል። የቦረና፣ የወግዲ፣ የከላላ፣ የለጋምቦና የሳይንት ገበሬ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚመገበው በአብዛኛው ከእነዚሁ እህሎችና ጥራጥሬዎች የሚዘጋጅ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቂጣ፣ ሽሮና ክክ ሲሆን፣ ይህ ማዕድ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ብረት የተሰኘው ማዕድን የሚያንሰው ሆኖ አይገኝም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደመዘገበው፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ ሕፃናት መካከል 42 በመቶ ያህሉ የደም ማነስ ነበረባቸው፤ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ደግሞ 46 በመቶዎቹ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት በታች የቀሩ ነበሩ።

በሰሃኑ ላይ ያለው ማዕድንና በደም ውስጥ የሚገኘው ማዕድን እንዲህ የሚለያዩበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ወባ፣ የአንጀት ጥገኛ ትላትሎችና ተደጋጋሚ ተቅማጥ ድርሻ አላቸው። ከምክንያቶቹ ሁሉ በሕዝብ ዘንድ ብዙም የማይነገርለት ግን የቫይታሚን እጥረት ነው። ቫይታሚን ሲጎድል ማዕድን ከምግብ ወደ ደም መሻገር፣ ከተከማቸበት መውጣት፣ ከሚፈለግበት ሕዋስ ደርሶም ሥራ ላይ መዋል ይሳነዋል፤ ስለዚህ የማዕድን እጥረት መስሎ የሚታየው ችግር ሥሩ ሲመረመር አንዳንድ ጊዜ የቫይታሚን እጥረት ሆኖ ይገኛል።

ደቂቅ ማዕድናት ምንድን ናቸው?

የሰው አካል በቀን በሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን የሚፈልጋቸው ማዕድናት ደቂቅ ማዕድናት ይባላሉ፤ ዋና ዋናዎቹ ብረት፣ ዚንክ፣ አዮዲን፣ ሴሊኒየም፣ መዳብና ኮባልት ናቸው። መጠናቸው እጅግ ጥቂት ነው፦ በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ብረት በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ሲሆን፣ አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም፣ ሴሊኒየም ደግሞ 55 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን ልብ ይሏል። ሥራቸው ግን ከመጠናቸው ጋር አይመጣጠንም፤ ብረት በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን በተባለ ፕሮቲን አማካይነት ኦክስጅን ያጓጉዛል፣ ዚንክ ከ300 በላይ በሆኑ ኢንዛይሞች ሥራ ይሳተፋል፣ አዮዲን የእንቅርት ዕጢ የሚያመርተው ሆርሞን ዋና ክፍል ነው። ኢንዛይም የሚባለው በሕዋስ ውስጥ የሚካሄድን ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው።

ቫይታሚኖች በበኩላቸው አካል ራሱ ሊሠራቸው የማይችል ወይም በበቂ መጠን የማይሠራቸው፣ ስለዚህም በአብዛኛው ከምግብ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች በመማሪያ መጻሕፍት በተለያየ ምዕራፍ ቢቀመጡም በአካል ውስጥ ሥራቸው የተሳሰረ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ጥብቅ የሆነው ትስስር ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ላይ ይታያል፣ ምክንያቱም የዚህ ቫይታሚን እምብርት ራሱ ኮባልት ነው፤ የሰው ልጅ አካል ኮባልትን ለታወቀ ጥቅም የሚያውለው በዚህ ቫይታሚን መልክ ብቻ ነው።

የአውድማው ብረት

በኅዳርና በታኅሣሥ የጤፍ ነዶ በአውድማ ላይ ተበትኖ በሬዎች ሲያበራዩት፣ በበሬ ኮቴ የሚታሸው መሬት ከደቃቁ ፍሬ ጋር ይደባለቃል፤ አውድማው በእበት ቢለቀለቅም፣ እህሉ በነፋስ ቢመረትና በወንፊት ቢነፋም፣ የጤፍ ፍሬ እጅግ ትንሽ በመሆኑ የአፈር ብናኝ ከእርሱ ፈጽሞ አይለይም። የእነዚህ ደጋማ አገሮች አፈር ደግሞ በብረት የበለጸገ ነው። ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ከፍተኛ የብረት መጠን ይመገቡ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን ደም መርምሯል፤ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በጤፍ ውስጥ የሚለካው ብረት ከፍተኛ ክፍል ከፍሬው ሳይሆን በአውድማ ከሚቀላቀለው አፈር የሚመጣ መሆኑን አመልክቷል። ከአፈር የመጣ ብረት በመለኪያ ላይ ቢታይም አንጀት የሚወስደው ጥቂቱን ነው።

ከፍሬው የሚገኘው ትክክለኛ ብረትም ቢሆን በቀላሉ ወደ ደም አያልፍም። እህልና ጥራጥሬ ፎስፈረስን የሚያከማቹት ፋይቴት በተባለ ውሕድ ሲሆን፣ ፋይቴት በአንጀት ውስጥ ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ይይዛቸውና ሳይወሰዱ እንዲወገዱ ያደርጋል። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴት በከፊል ይፈርሳል፤ እርሾ ሳይነካቸው ወዲያው የሚጋገረው የገብስና የስንዴ ቂጣ፣ እንዲሁም በሶና ቆሎ ግን ይህን ዕድል አያገኙም። እንግዲህ ብርድ በበረታበት ከፍተኛ ደጋ ጤፍ ስለማይበቅል ገብስ የዕለት እህል በሆነበት ቤተሰብ፣ ብረትና ዚንክ በሚገባ የሚያስገኘው ማቡካት በማዕዱ ውስጥ ያለው ቦታ የጠበበ ነው።

ቫይታሚን ሲ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት በአብዛኛው በአንጀት የማይወሰድ፣ ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ዓይነት ሲሆን፣ ቫይታሚን ሲ አንድ ኤሌክትሮን ይመልስለትና አንጀት ወደሚቀበለው ዓይነት ይለውጠዋል፤ የፋይቴትን ጫናም ያቃልላል። ነገር ግን ሥራው የሚከናወነው ብረቱና ቫይታሚኑ በአንድ ገበታ ላይ አብረው ሲገኙ ብቻ ነው። ከሽሮ ጋር የሚቀርብ ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ይህን ያሟላል፤ ረጅም ጊዜ ተቀቅሎ ውኃው የተደፋ ጎመን ግን ሙቀትና ውኃ ቫይታሚኑን ስለሚወስዱበት አያሟላም። ገበታው ከተነሳ በኋላ የሚከተለው ቡናም ቦታ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የሚወሰደውን ብረት 39 በመቶ እንደሚቀንስ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ያው እንደሆነ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም እንዳላጎደለ አሳይቷል። ቡናን የሚተው የለም፤ ሰዓቱን ማስተካከል ግን ይቻላል።

ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ብረት የት ይገባል?

ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው፤ ያረጀው ሕዋስ ሲፈርስ በውስጡ የነበረው ብረት አይጣልም፣ በጉበትና በሌሎች ብልቶች ይከማችና አዲስ ሕዋስ ወደሚሠራበት ወደ አጥንት መቅኔ ይመለሳል። በየቀኑ በዚህ መንገድ የሚዘዋወረው ብረት ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከምግብ የሚገባው አዲስ ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። የደም መጠን የሚወሰነው ታዲያ በተበላው ብረት ብቻ ሳይሆን ይበልጡን በተከማቸው ብረት መውጣትና መዘዋወር ነው።

ቫይታሚን ኤ በዚህ ዝውውር ውስጥ ቁልፍ ቦታ አለው። መጠኑ ሲያንስ ብረት በጉበት ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ መቅኔ ቀይ ሕዋስ እንዲሠራ የሚያዝዘው፣ ኩላሊት የሚያመነጨው ኤሪትሮፖይቲን የተሰኘ ሆርሞንም ይቀንሳል። ውጤቱ ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ እንደጠፋበት ቤት ነው፦ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ብረት ዝቅ ይላል፣ በጉበት ያለው ግን አይጎድልም፣ ሰውየውም ደም ያንሰዋል።

ይህ በሰዎች ላይ ተፈትኖ ታይቷል። በኢንዶኔዥያ ምዕራብ ጃቫ ደም ባነሳቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት ብረት ብቻ ከወሰዱት 68 በመቶ፣ ቫይታሚን ኤ ብቻ ከወሰዱት 35 በመቶ፣ ሁለቱንም ከወሰዱት ግን 97 በመቶ ከደም ማነስ ነፃ ወጥተዋል፤ ሁለቱም ካልተሰጣቸው መካከል ነፃ የወጡት 16 በመቶ ነበሩ። በሞሮኮም እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ለሕፃናት ቫይታሚን ኤ ሲሰጥ ኤሪትሮፖይቲንና ሄሞግሎቢን ከፍ ማለታቸው፣ በጠቅላላ አካላቸው ያለው ብረት ግን አለመጨመሩ ታውቋል፤ አዲስ ብረት አልገባም፣ የነበረው ወጥቶ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።

ኢትዮጵያም ይህን የቫይታሚንና የማዕድን ዝምድና ከመረመሩት አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ዛሬ ሥራው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ይካሄዳል። በኢንስቲትዩቱ የሠሩት ዘውዴ ወልደ ገብርኤልና ባልደረቦቻቸው በሸዋ ክፍለ ሀገር 14,740 ተማሪዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ጥናት 34.2 በመቶ እንቅርት፣ 18.6 በመቶ በዓይን የሚለይ የደም ማነስ፣ 0.91 በመቶ ደግሞ በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣ የዓይን ጉዳት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከተማሪዎቹ የ344ቱን ደም በመመርመርም የቫይታሚን ኤ፣ የአዮዲንና የብረት ሁኔታ በአንድ አካል ውስጥ እንዴት እንደሚዛመዱ ፈትሿል። የሸዋ ደጋ በሰሜኑ በኩል ከወሎ ደጋ ጋር የተያያዘ፣ እህሉም አመጋገቡም የሚቀራረብ በመሆኑ ትምህርቱ ለቦረናና ለሳይንትም የቀረበ ነው።

ዳፍንትና ዚንክ

ፀሐይ ሲጠልቅ ማየት የሚሳነው ሰው ዳፍንት ይዞታል ይባላል፤ ይህ በጥንቱም በዛሬውም ዘመን ሰው ለይቶ ያወቀው የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ነው። በዓይን ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን የሚያየው ሕዋስ የሚሠራው ቫይታሚን ኤ ወደ ሬቲናል ተለውጦ ሲቀርብለት ነው፤ ይህን የሚለውጠው ኢንዛይም ደግሞ ያለ ዚንክ አይሠራም። ቫይታሚኑ ከጉበት ወጥቶ በደም የሚጓዘውም ፕሮቲን ተሸካሚ ይዞ ሲሆን፣ ጉበት ይህን ተሸካሚ የሚሠራው ዚንክ ሲኖረው ነው። እንግዲህ በብረት ረገድ ቫይታሚን ኤ ማዕድኑን ሲያንቀሳቅስ ይታያል፤ በዚንክ ረገድ ደግሞ ማዕድኑ ቫይታሚኑን ያንቀሳቅሳል። በኔፓል ዳፍንት በያዛቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል፤ ቫይታሚን ኤ እየወሰዱ የዚንክ መጠናቸው ዝቅተኛ የነበረ ሴቶች ዚንክ ሲጨመርላቸው የምሽት ማየት ችሎታቸው የመመለስ ዕድሉ ጨምሯል።

የዚንክ እጥረት በኢትዮጵያ ምን ያህል እንደሚጎዳ በአርሲ ዶዶታ ሲሬ የተካሄደው ጥናት አሳይቷል። መላኩ ኡመታና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳተሙት፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ወር ለሆኑ የቀነጨሩ ሕፃናት በሳምንት ስድስት ቀን 10 ሚሊግራም ዚንክ ለስድስት ወር ሲሰጥ ቁመታቸው በአማካይ 7 ሴንቲ ሜትር ሲጨምር፣ ያልተሰጣቸው የቀነጨሩ ሕፃናት 2.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጨምረዋል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው ብሔራዊ የደቂቅ ንጥረ ምግብ ጥናትም ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 35 በመቶ ገደማ የዚንክ፣ 14 በመቶ ገደማ ደግሞ የቫይታሚን ኤ እጥረት እንዳለባቸው አመልክቷል። ሁለቱ አኃዞች አብረው ሲነበቡ የቫይታሚን ኤ ጠብታ ብቻውን ለአንዳንድ ሕፃናት ለምን እንደማይበቃ ይገባል።

እንቅርት ከጨው በኋላ

በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች ዝናብና ጎርፍ አዮዲንን ከአፈር አጥቦ ስለሚወስደው የሚበቅለው እህል አዮዲን ያጣል፤ የእንቅርት ዕጢ በቂ አዮዲን ለማግኘት ሲጥር ይሰፋል፤ እንቅርት የሚባለው እብጠት ይህ ነው። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ከሆነች በኋላ ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ የነበረው አዮዲን የገባበት ጨው በመቋረጡ ችግሩ ተባብሷል፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ደንብ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ከተደነገገ በኋላ ግን አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ብዛት በ2011 ከነበረበት 15 በመቶ በ2016 ወደ 89 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ትልቅ ድል ነው።

አዮዲን ደረሰ ማለት ግን ዕጢው ተስተካከለ ማለት ላይሆን ይችላል። ማይክል ዚመርማንና ባልደረቦቹ በሞሮኮ ሪፍ ተራሮች እንቅርትና የቫይታሚን ኤ እጥረት ያለባቸውን ሕፃናት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ አዮዲን ካለው ጨው ጋር ቫይታሚን ኤ የወሰዱት ሕፃናት ጨው ብቻ ካገኙት ይልቅ እንቅርታቸው ይበልጥ ቀንሷል። በአማራ ክልልም ዳውድ ጋሹና ባልደረቦቹ አዮዲን በጣም ያነሳቸውን ትንንሽ ልጆች ደም መርምረው የሴሊኒየም መጠን ከእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል፤ በኋላም ሴሊኒየም ያነሳቸው ልጆች አዮዲን ቢሰጣቸውም ዕጢያቸው የሚጠበቀውን ያህል ምላሽ እንዳልሰጠ አመልክተዋል። ምክንያቱ ሆርሞኑን ወደ ሥራ መልኩ የሚለውጡት ኢንዛይሞች ሴሊኒየም የያዙ መሆናቸው ነው። ሴሊኒየም ደግሞ ከቫይታሚን ኢ ጋር ሥራ ይካፈላል፤ ሁለቱም የሕዋስን ሽፋን ከኦክስጅን ጉዳት ይጠብቃሉ፣ ቫይታሚን ኢ ሲጎድል ጫናው በሴሊኒየም ላይ ይወድቃል። የኢትዮጵያ እህል የሴሊኒየም መጠን ደግሞ ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት አረጋግጧል፤ ስለሆነም አንዱ ሸለቆ የሚበላው ጤፍና ሌላው ሸለቆ የሚበላው ጤፍ በስም እንጂ በይዘት አንድ አይደሉም።

ቢ ቫይታሚኖች፣ ጾምና የተገላቢጦሽ ውጤት

እስካሁን የተገለጸው ቫይታሚን ሲጎድል በደም ውስጥ ያለ ማዕድን የሚያንስበት ሁኔታ ነው፤ የተገላቢጦሹም አለ። ቫይታሚን ቢ12ና ፎሌት፣ ማለትም በቅጠላ ቅጠልና በጥራጥሬ የሚገኘው ቢ9፣ አዲስ ሕዋስ እንዲከፋፈል ያስፈልጋሉ። ሲጎድሉ በመቅኔ የተጀመሩት ቀይ ሕዋሳት ሳይበስሉ ይሞታሉ፤ የተዘጋጀላቸው ብረት ተጠቃሚ በማጣቱ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይለካል። ቫይታሚን ቢ6 ሲጎድልም ብረት ወደ ሄሞግሎቢን የሚገባበት ሥራ ይቋረጥና ያልበሰለው ሕዋስ ውስጥ ብረት ይከማቻል። ቢ2 ወይም ራይቦፍላቪን ሲያንስ ደግሞ ብረት ፌሪቲን ከተባለው ማከማቻ ፕሮቲን መውጣቱ ይዳከማል። የዚህ ዓይነት ሰው የብረት እንክብል ቢወስድ ያለጥቅም ብረት መጨመር ብቻ ይሆናል።

ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብተው ይኖራሉ፤ ኦርቶዶክሳዊው ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበላም። ሕፃናት የጾም ግዴታ የለባቸውም፣ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶችም በሥርዓቱ መሠረት ከካህን ምክር ሊያገኙ ይችላሉ፤ ችግሩ ያለው በቤት ውስጥ ነው፤ አንድ ድስት ለሁሉም ሲጣድ ለሕፃኑ ለብቻው የሚሆን ምግብ የሚዘጋጅበት ጊዜና ማገዶ አይገኝም። በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት እንቁላልና ቅቤ ገበያ ይወጣሉ፤ ጨውና የትምህርት ቤት ደብተር ከእነርሱ ይገዛልና። ስለዚህ እጥረቱን በሃይማኖት ብቻ መተርጎም ስህተት ነው፤ ድህነትም ሆነ የቤት ሥራ ጫና ከእርሱ ጋር አብረው ይታያሉ።

ደም የሚለካበት ከፍታ

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ትገኛለች። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሄሞግሎቢን እንደሚጨምር በመታሰቡ፣ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በ2,500 ሜትር የሚኖር ሰው ውጤት ላይ በዴሲ ሊትር 1.3 ግራም ይቀነስ ነበር። በዚህ ስሌት 12.5 የተለካች ሴት 11.2 ትሆናለች፤ ለነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ወሰኑ 12 ስለሆነም ደም ካነሳቸው ትቆጠራለች። ነገር ግን ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር የሚኖሩ አማሮችን ሲመረምሩ አማካይ ሄሞግሎቢናቸው ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ሆኖ ተገኝቷል፤ በባሕር ወለል ከሚኖረው ሰው እምብዛም አልበለጠም። እንግዲህ የደጋው ኢትዮጵያዊ አካል ከፍታን የሚቋቋምበት መንገድ የተለየ ሊሆን ስለሚችል የደም ማነስን በአንድ ቁጥር መወሰን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሌላው ጥንቃቄ ትኩሳት ነው። ሰው ኢንፌክሽን ሲይዘው ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ያበዛል፤ ይህም ብረት ከማከማቻው እንዳይወጣ ያግደዋል። በዚያው ጊዜ የዚንክና የቫይታሚን ኤ የደም ልኬት ይቀንሳል፤ ፌሪቲን ግን ከፍ ይላል። በሕመም ጊዜ የተወሰደ ደም ያነሰ ቫይታሚንና ያነሰ ዚንክ ቢያሳይ፣ እጥረት ነው ለማለት በቂ አይደለም። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም የሚሠራ የሄሞግሎቢን ልኬት የሚነግረው የደም ማነስ መኖሩን እንጂ የቱ ንጥረ ነገር እንደጎደለ አይደለም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መሆኑ ለአካባቢው ተስፋ ነው፤ የአካባቢውን እህል፣ አፈርና ደም በአንድነት የሚመረምር ቤተ ሙከራ ቢጠናከር፣ የሚሰጠው ምክር ከሌላ አገር ቁጥር ሳይሆን ከቦታው እውነት ይቀዳል።

በአንድ ገበታ ላይ ያሉ መፍትሔዎች

አሁን በየጤና ኬላው የሚሠራው ሥራ ቀላል የሚባል አይደለም። ዕድሜው ከ6 እስከ 11 ወር ለሆነ ሕፃን 100,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት የያዘ ሰማያዊ እንክብል፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላለው ደግሞ 200,000 ዩኒት የያዘ ቀይ እንክብል በየስድስት ወሩ ይሰጣል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የእንክብሉን ጫፍ በመቀስ ቆርጣ ዘይቱን በሕፃኑ አፍ ውስጥ ታንጠባጥባለች። ለነፍሰ ጡር በየቀኑ 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ እንክብል፣ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃንም ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር ዚንክ ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭት የጤና አገልግሎትን ስላስተጓጎለ እነዚህን ዘመቻዎች ማስቀጠል ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልጋል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት በቢ ቫይታሚኖችና በዚንክ፣ የምግብ ዘይት ደግሞ በቫይታሚን ኤና ዲ እንዲበለጽግ ግዴታ አድርጓል። ይህ ለከተማው ነዋሪ ይጠቅማል፤ የወግዲ ወይም የከላላ ገበሬ ግን የራሱን እህል በሠፈሩ ወፍጮ ቤት ያስፈጫል እንጂ ከፋብሪካ ዱቄት አይገዛም። ለእርሱ የሚበጀው ከጓሮውና ከማድቤቱ የሚጀምር ነው። ገብስና ስንዴም ሲቦኩ ፋይቴታቸው ይቀንሳል፤ ባቄላና ሽምብራ በቆልት ሲደረጉም እንዲሁ። የሐበሻ ጎመን በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሲሠራ በውስጡ ያለው ካሮቲን፣ አካል ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቀለም፣ ይበልጥ ይወሰዳል፤ ያለ ቅባት ግን አብዛኛው ሳይወሰድ ያልፋል። ካሮቲን ወደ ቫይታሚን ኤ ሲለወጥ ደግሞ 12 ማይክሮግራሙ የሚያስገኘው አንድ ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ፣ ጎመን በሳምንት አንዴ ሳይሆን ዘወትር በገበታ ላይ መኖር አለበት። አንድ እንቁላል ለሕፃኑ ከገበያ ቢቀር ቢ12ን፣ ቫይታሚን ኤንና ዚንክን በአንድነት ይሰጠዋል። ጉበት በሚገኝበት ቀን ከሌላ ሥጋ ይልቅ ለልጆችና ለእናቶች ቢቀደም ከሁሉም የበለጠ ነው፤ ምክንያቱም ብረትን፣ ዚንክን፣ መዳብንና ቫይታሚን ኤን አንድ ላይ የያዘ ምግብ እንደ እርሱ የለም። ለነፍሰ ጡር ግን ቫይታሚን ኤ ከመጠን ሲያልፍ ፅንስን ስለሚጎዳ ጉበት በጥቂቱና አልፎ አልፎ ብቻ መሆን አለበት።

መብዛትም ጉዳት አለው፤ ዚንክ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ መዳብ እንዳይወሰድ ያደርጋል፣ ቫይታሚን ኤም ከመጠን ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል። እንክብልን በግምት ከመዋጥ ይልቅ ምግብን ማቀናጀት የሚመረጠው በዚህም ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ለግብርና ባለሙያውም፣ ለጤና ባለሙያውም፣ ለትምህርት ቤቱም የጋራ ነው። ደም ያነሰው ሕፃን ሲታይ «ብረት ስጡት» ማለት የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ የመጨረሻው መልስ አይደለም፤ ብረቱ ከአካሉ ውስጥ ምናልባት አለ፣ የጎደለው የሚያንቀሳቅሰው ቫይታሚን ሊሆን ይችላል። ጨው አዮዲን ገብቶበት እንቅርት ካልጠፋ ቫይታሚን ኤንና ሴሊኒየምን መጠርጠር፣ ቫይታሚን ኤ ተሰጥቶ ዳፍንት ካልተወ ዚንክን መጠየቅ ይገባል። በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለው ምድር ለሕፃናቱ የሚበቃ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ጎመንና ወተት ማፍራት ይችላል፤ የሚቀረው እነዚህን በአንድ ገበታ ላይ፣ በትክክለኛው አዘገጃጀትና በትክክለኛው ሰዓት ማገናኘት ነው። ይህን ማድረግ ከሐኪም ቤት እስከ ማድቤት ያለውን ሁሉ የሚመለከት ግዴታ በመሆኑ፣ ማንም ቢሆን ለሌላው ሊተወው አይችልም።